የከሰዓት ፈረቃ

ደብዳቤው ጠዋት ነው የመጣው፣ ማኅተሙ እርጥብ እንዳለ፤
«ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው ሦስት ልጆች ስም ይላክ» አለ።
«እስከ ዛሬ ስድስት ሰዓት» — በቀይ ተሰምሮበታል፤
የጠዋቱ ፈረቃ ሰምቷል፣ በሰልፉ ላይ ተነቧል።
የኛ ልጆች ግን የሚመጡት
ስድስት ተኩል ላይ ነው፣
ቆርቆሮው ከላይ ሲንጣጣ፣ አስፋልቱ ከታች ሲቀልጥ ነው።

ሰባ አራት ናቸው በአንድ ክፍል፣ በአንድ ወንበር አራት አራት፤
ጠዋት ሻጭ፣ ጠዋት ተሸካሚ፣ ጠዋት የታናሾች እናት፤
ከሰዓት ተማሪ።
ዴቃ ከነሱ አንዷ ናት።
ስሟ በእናቷ ቋንቋ «ስጦታ» ማለት ነው አሉኝ፤
ሁለት ዓመት ስም ስጠራ አልጠየቅሁም፣ ዘንድሮ ነገሩኝ።

ጣራችን ወንፊት ነው። ሚስማር የለቀቀው ቀዳዳ ሁሉ
ወለሉ ላይ ሳንቲም ይጥላል፤ ልጆቹ በእግራቸው ይረግጡታል፣ ይስቃሉ።
እሷ ግን አንዱን መርጣ፣ ከእግሯ ሥር ያለውን ብርሃን፣
በጠመኔ ስብርባሪ ምልክት አደረገችበት፣ ቀን በቀን፤
ከመጀመሪያው ደወል እስከ መጨረሻው ደወል
ጭረት ከጭረት አጠገብ። ጥበቃው ዘግይቶ ሲደውል
«አራት ደቂቃ» ትላለች፣ ለማንም ሳይሆን፣ ለወለሉ፤
ጋሽ ቡሽራ የእጅ ሰዓታቸውን አይተው ዝም ይላሉ።

ታኅሣሥ ላይ እጇን አወጣች።
«ቲቸር፣ በጥቅምት እዚህ ነበረች፣
አሁን ወደ ግድግዳው ሄዳለች፤
ጣራው አልተነቃነቀም። ታዲያ ማነው የተንቀሳቀሰው?»
እኔም — ሙቀቱ፣ ጩኸቱ፣ ምዕራፉ ያላለቀው፣
ያልታረመው የደብተር ክምር፣ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ የተጣበቀው —
«ተቀመጪ» አልኳት። «ፈተና ላይ አይመጣም።»
ተቀመጠች። ጠመኔዋን ግን አልጣለችም።

የቀረው የቢሮ ኃጢአት ነው፤
ያቺ «ተቀመጪ» ግን የኔ ናት፣
ማንም አይወስድልኝ።

ዛሬ ደመወዝ ልፈርም ብዬ ነው ቀድሜ የደረስኩት፤
አምስት ተኩል ሲሆን ሰሌዳው ላይ ደብዳቤውን አየሁት።
ሁለት ስም ተሞልቷል፤ አንዱ የጸሐፊዋ የእህት ልጅ — ጎበዝ ነው፣ አልዋሽም፤
ሦስተኛው መስመር ግን ባዶ ነው፣ ማንም አልቸኮለበትም።
«ፎቶና የወላጅ ፊርማ ካለ አምጣ» አለኝ ዳይሬክተሩ፣
ቁልፍ እያንቀጫቀጨ፣ ለምሳ ሊወጣ ሲል ከበሩ።

ቅጹን አጥፌ ባጃጅ ያዝኩ፣ ከከዚራ ወደ መጋላ፤
ድልድዩ ተጨናንቆ በደቻቱ ብንቆርጥ፣
አሸዋው ጎማ ዋጠ፤ ወርደን ገፋን ከኋላ።

ታይዋን፣ ጃንጥላ ሥር፣ ሳሙናና የጥርስ ብሩሽ ዘርግታ፣
ለአንዲት ሴት መልስ ትቆጥራለች፣ ቀና ሳትል ለአንድ አፍታ።
እናቷ ቅጹን ገለባበጡ፤ ቦታውን በጣቴ አሳየሁ፤
በእስኪርቢቶ ቀለም አውራ ጣታቸውን ቀባሁ።
ፎቶውን ካምናው መታወቂያ ላይ በምላጭ ላጥነው፤
ጥግዋ ተቀደደች፣ ፊቷ ግን ደኅና ነው።

«እስከ ስንት ሰዓት ነው?»
«እስከ ስድስት።»
ስልኬን አልጠየቀችም።
የጃንጥላውን ጥላ ጠርዝ አየች፤
አስፋልቱ ላይ፣ ከሳሙናው አጠገብ፣ የጠመኔ ጭረት አለች።
«ቲቸር» አለች፣ ሰው ለታመመ ዘመድ በሚያወራበት ድምፅ፣
«ስምንት ደቂቃ አልፏል።»

ከዚያ ሳሙናውን ወደ ካርቶኑ መለሰች፤
ደብተሯን ከካርቶኑ ሥር መዘዘች፤
«ስድስት ተኩል ደወል አለ። አይነሱም?»

በእግራችን ተሻገርን፤ እሷ ከፊት፣ ቅጹ በኪሴ፣
አሸዋው እየገባ ከጫማዬ ወደ ካልሲዬ።
መሀል ላይ ቆምኩና «መሬት ናት፣ ዴቃ» አልኳት፣
«የተንቀሳቀሰችው።»
ዞራ አላየችኝም።
«አውቄዋለሁ» አለች፣ «በየካቲት።»